ሠራተኛው የሚያነበው ሌላውን ሰሌዳ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። አንድ ድርጅት "እሴቶቼ እነዚህ ናቸው" ሲል ለሠራተኛው ጆሮ የሚደርሰው ምንድን ነው? አምስቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹንና የመሥሪያ ቤቶቻቸውን ማንነት የሚያሳውቀውን አውጥቻለሁ፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያለሁ። በመልሶቼ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ መካከለኛ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት አማካሪ ቀጥረን፣ ከየክፍሉ ኮሚቴ አዋቅረን አምስት እሴቶች አወጣን፤ ታማኝነት፣ ጥራት፣ የቡድን መንፈስ፣ ደንበኛን ማክበርና ግልጽነት። በየኮሪደሩ ተሰቅለዋል፤ በማስታወሻ ደብተርና በእስክሪብቶ ላይ ታትመዋል፤ ለሁሉም ሠራተኛ የግማሽ ቀን ስልጠና ተሰጥቷል። በቅርቡ መጠይቅ ስንበትን አምስቱንም አሟልተው የጻፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱማ ከታች "ስድስተኛው እሴት ዝምታ ነው" ብሎ ጨምሯል። ሥራ አመራሩ ስልጠናው እንዲደገምና በመጨረሻው ፈተና እንዲሰጥ ወስኗል። እንዴት ላዘጋጀው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈተናውን ይተዉት። ሰው ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት አምስት ቃል ሸምድድ ቢለው ይሸመድዳል። በሚቀጥለው መጠይቅ ውጤቱ ያማረ ይሆናል፤ እርስዎም የተሻሻለ ነገር ያለ ይመስልዎታል። ከዚያ በኋላ ችግሩን ማየት አሁን ካለው የባሰ ይከብዳል።

ስድስተኛውን እሴት የጻፈው ማን እንደሆነ ለማወቅ አይሞክሩ፤ ሌላ ሰውም እንዲሞክር አይፍቀዱ። ወረቀቱን ይዞ ከሌሎች የእጅ ጽሑፎች ጋር የሚያስተያይ አለቃ እንደማይጠፋ ከልምድ አውቃለሁ። ከመጠይቁ ሁሉ ቁም ነገር ያለው መልስ የእርሱ ነው።

ሠራተኞችዎ ግድግዳው ላይ ያለውን አልያዙትም ማለት የድርጅታችሁን እሴት አያውቁም ማለት አይደለም። አሳምረው ያውቁታል። ባለፈው ዓመት ማን ለምን እንዳደገ፣ ማን ለምን እንደተዛወረ፣ በየትኛው ጥፋት ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍ፣ የትኛው ጥፋት ደግሞ "ተወው፣ እርሱ ሥራ ያውቃል" ተብሎ እንደሚታለፍ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ይህንንም ለአዲስ ገቢ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተምሩታል፤ ያለ አማካሪ፣ ያለ እስክሪብቶ።

ግድግዳና እስክሪብቶ ብቻቸውን የት እንደሚያደርሱ ለማየት ኤንሮንን የመሰለ ማስረጃ የለም። ይህ የአሜሪካ የኃይል ንግድ ኩባንያ አራት እሴቶች ነበሩት፤ አክብሮት፣ ታማኝነት፣ ተግባቦትና ልቀት። በጁላይ 2000 ያወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ 64 ገጽ ነበር፤ በመግቢያው ላይ የሊቀ መንበሩ የኬኔት ሌይ መልእክት ሰፍሯል። በዲሴምበር 2001 ኩባንያው መክሰሩን አወጀ። ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ለመሳለቅ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከመመሪያው ቀደም ብሎ የሆነው ነው። በ1999 የፋይናንስ ኃላፊው አንድሪው ፋስቶው ከኩባንያው ጋር የሚነግዱ የሽርክና ድርጅቶችን ራሱ ለመምራት ፈለገ። የሥነ ምግባር ደንቡ እንዲህ ያለውን የጥቅም ግጭት ይከለክላል። የዳይሬክተሮች ቦርዱ ደንቡን አልሻረውም፤ ለእርሱ ብቻ እንዲላላለት በስብሰባ ፈቀደ እንጂ። ከዚያ በኋላ 64 ገጽ ቢታተም ማን ይሰማዋል? ታች ላለው ሠራተኛ ደግሞ በየስድስት ወሩ የሚመጣ ምዘና ነበረ፤ ባልደረቦቹ ከእርሱ ጋር እየተነጻጸሩ በደረጃ ይሰለፋሉ፤ ከሥር የቀረው ሥራው አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ በሚመዘንበት ቤት "አክብሮት" የሚለውን ቃል ማን በልቡ ይይዘዋል?

ከዚህ ያነሰ፣ በዓይኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገርዎት። በሰው ኃይል ክፍል በምሠራበት ዘመን አንድ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛዋ በወር ሪፖርቷ ላይ ጉድለቱን ጉድለት ብላ የምትጽፍ ነበረች። የሁለተኛው ሪፖርት ሁልጊዜ መቶ በመቶ ነው፤ መቶ በመቶው እንዴት እንደሚመጣም ከሒሳብ ክፍል እስከ ጥበቃ ድረስ የማያውቅ አልነበረም። እርሱ አደገ። የዕድገቱ ማስታወቂያ በሰሌዳው መስተዋት ውስጥ ተለጠፈ፤ ከሰሌዳው በላይ "ታማኝነት መለያችን ነው" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ሰው እየመጣ አነበበ። የተናገረ አልነበረም፤ አንዲት ጸሐፊ ብቻ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ እንደገና አነበበችው። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ከየክፍሉ የመጡት ሪፖርቶች ሁሉ መቶ በመቶ ሆኑ። ሥራ አመራሩ በጣም ተደሰተ።

ስለዚህ የስልጠናውን በጀት ለጊዜው ያቆዩትና መዝገብ ቤት ይውረዱ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የዕድገት ቃለ ጉባኤዎች ያውጡ። ለእያንዳንዱ ዕድገት የተሰጠው ምክንያት ከአምስቱ እሴቶች አንዱን እንኳ ይነካል ወይስ ሁሉም "የተሰጠውን ዕቅድ በማሳካቱ" ይላል? ከዚያ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጹን ይመልከቱ። ብዙ ቦታ እንዳየሁት እሴቶቹ በመጨረሻው ገጽ "ሥነ ምግባር" በሚል አንድ መስመር ተጠቃለው አምስት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ያንንም ሁሉም ሰው አምስት ከአምስት ያገኛል። እንዲህ ከሆነ ድርጅታችሁ ለእሴቶቹ የሚሰጠውን ክብደት ለሠራተኛው በቁጥር ነግሮታል፤ ስልጠናው የሚጨምርበት የለም። የሥራ አመራሩን አጀንዳም ይዩ። የደንበኛ ቅሬታ ስንተኛ ተራ ላይ ነው? "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር ከሆነ፣ ሰው ቦርሳውን መዝጋት በጀመረበት ሰዓት የሚነሣ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ጽሑፍ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃዎች ኩባንያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በ1943 ሮበርት ዉድ ጆንሰን የጻፈው፣ ከአንድ ገጽ የማያልፍ የእምነት መግለጫ አለው። ኃላፊነታችን መጀመሪያ ምርታችንን ለሚጠቀሙት ለሕሙማን፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች፣ ቀጥሎ ለሠራተኞቻችን፣ ቀጥሎ ለማኅበረሰቡ፣ በመጨረሻም ለባለአክሲዮኖች ነው ይላል። ቅደም ተከተሉ ራሱ ውሳኔ ነው። በ1970ዎቹ ግን ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የነበረው ጄምስ በርክ ጽሑፉ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ እንደቀረ ጠረጠረ። ሥራ አስኪያጆቹን ሰበሰበና የማይኖሩበት ከሆነ ከግድግዳው እንዲወርድ፣ መለወጥ ያለበት ካለም እንዲናገሩ ጠየቃቸው። ተከራከሩበት። በ1982 በቺካጎ አካባቢ ሳያናይድ የተጨመረበትን፣ ኩባንያው የሚያመርተውን ታይለኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ እንክብል የዋጡ 7 ሰዎች ሲሞቱ፣ መርዙን የጨመረው ኩባንያው ባይሆንም፣ 31 ሚሊዮን ገደማ ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስወጣው። በዚያ ሰሞን እዚያ ይሠራ የነበረ ሰው "መጀመሪያ ለሕሙማን" ማለት ምን እንደሆነ የሚነግረው አሠልጣኝ አላስፈለገውም። (ያው ኩባንያ ከዚያ ወዲህ በሌላ ምርቱ የተነሣ ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖሯል። የ1982ቱ ውሳኔ ለሁልጊዜ የሚያገለግል የምስክር ወረቀት አልሆነውም።)

ለሥራ አመራሩ የሚያቀርቡት ነገር ካስፈለገዎት ይህን ያቅርቡ፤ ፈተናው ይሰጥ፣ ተፈታኙ ግን ሥራ አመራሩ ይሁን። እያንዳንዱ አባል ባለፈው ዓመት ድርጅቱ ከአምስቱ እሴቶች ለአንዱ ሲል ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ትልቅ ደንበኛ ያጣበትን አንድ ውሳኔ ይጻፍ። የተገኘውን ሰብስባችሁ ለሠራተኛው ንገሩት፤ ቀሪውን እርሱ ያወራዋል። ለአንዱ እሴት ምንም ካልተገኘለት ደግሞ ያን እሴት ከግድግዳው ላይ አውርዱት፤ ከአምስቱ አንዱ ግልጽነት አይደል? ሥራ አመራሩ ይህን ሐሳብ እንደማይወደው አውቃለሁ። በደብዳቤ ያስገቡት፤ በቃለ ጉባኤም ይያዝልዎት።

ጥያቄ፦ ስንት እሴት ይበቃል? እኛ አሥራ አንድ አለን። የዕቅድ ክፍል ባልደረባ ነኝ።

መልስ፦ አሥራ አንድ እሴት ያለው ድርጅት፣ ሁለቱ የተጋጩ ዕለት የትኛውን እንደሚያስቀድም አልወሰነም። ፍጥነትና ጥራት ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ? አሉ ብዬ እወራረዳለሁ። ዕቃው ዛሬ ይውጣ ወይስ እንደገና ይፈተሽ በሚባልበት ምሽት ተረኛው ማወቅ የሚፈልገው የትኛው እንደሚቀድም ነው። ዝርዝራችሁን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ሞክሩ፤ ስትከራከሩ ቁጥሩ ራሱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከድርጅታችን እሴቶች አንዱ ግልጽነት ነው። ዋና ሥራ አስኪያጃችን በየስብሰባው "ቢሮዬ ለማንም ክፍት ነው" ይላሉ። በቅርቡ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአንድ ደንበኛ የተላከ ዕቃ የመጨረሻውን ፍተሻ ሳያልፍ እንደወጣ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት አመሰገኑኝ። በሳምንቱ የቅርብ አለቃዬ ጠርቶኝ "ይህን ለእኔ መንገር አትችዪም ነበር?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ አልጠራም። ባልደረቦቼ ልክ ነሽ ይሉኛል፤ የሚሉኝ ግን በሹክሹክታ ነው። ከእንግዲህ አፌን ልዝጋ? የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ አፍሽን ዝጊ አልልሽም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባም ተነሺ ብዬ አልገፋሽም፤ ደመወዙ ቢቀር የሚቀረው የአንቺ ነው፣ የእኔ አይደለም። ጀግና ሁኚ ብሎ መምከር ለመካሪ ይቀላል።

ሥራ አስኪያጁ የተናገሩት ምናልባት ከልባቸው ነው። ነገር ግን ቃላቸው ወደ ታች ሲወርድ በየደረጃው ያለው ኃላፊ የራሱን ፍርሃት እየጨመረበት ነው። አለቃሽ በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ራሱ ክፍል የማያውቀውን ነገር ከበላዩ ፊት ሰማ። ለእርሱ ግልጽነት ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋረድ ማለት ሆነ፤ አንቺንም በስብሰባ ባለመጥራት ይህን አስተማረሽ። ባልደረቦችሽ ደግሞ ከምስጋናውና ባዶ ከቀረው ወንበርሽ የትኛውን እንደያዙ በሹክሹክታቸው ነግረውሻል።

በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ በአመራራቸውና በኅብረታቸው የተሻሉ የነበሩት ቡድኖች ብዙ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ከጠበቀችው የተገላቢጦሽ ነበር። በኋላ የደረሰችበት ማብራሪያ እነዚያ ቡድኖች ስሕተታቸውን በግልጽ የሚነጋገሩ መሆናቸው ነው፤ በሌሎቹ ዘንድ ስሕተቱ በሆድ ይቀራል፤ መዝገቡ ንጹሕ ይመስላል። ሥራ አስኪያጅሽ ከአንድ ክፍል ምንም ቅሬታ ሳይሰሙ ሲቀሩ የሚጨነቁ ሰው ቢሆኑ ምኞቴ ነው። አብዛኞቹ ይደሰታሉ።

ሰው እንዲናገር የሚደረገው እንዴት እንደሆነ ደግሞ በአንድ ፋብሪካ ታይቷል። በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች የድሮዎቹ ነበሩ። በድሮው አሠራር የመገጣጠሚያው መስመር መቆም የለበትም፤ ጉድለት ያለበት መኪና ያልፍና በኋላ ይጠገናል። በአዲሱ አሠራር በመስመሩ ላይ ገመድ ተዘረጋ። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይጎትታል፤ የቡድን መሪው ይመጣል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ሁሉም ስለ ገመዱ ያወራል። እኔ የማስበው የቡድን መሪው ሲደርስ ስለሚለው የመጀመሪያ ቃል ነው። "ማን ነው የጎተተው?" ካለ ሁለተኛ የሚነካው አይኖርም። "ምን አየህ?" ካለ ይጎተታል። የአንቺ አለቃ የመጀመሪያውን ጠየቀ።

አሁን ለአንቺ ወደሚበጀው። አለቃሽን ለብቻው አነጋግሪው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አይሁን። ከእንግዲህ ጉድለት ስታዪ በቅድሚያ ለእርሱ በጽሑፍ እንደምታሳውቂ ንገሪውና በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥሽ ተስማሙ። በጽሑፍ የሚለውን እንዳትዘነጊ። ቀኑን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥርና የተዘለለውን የፍተሻ ደረጃ ጻፊ፤ የዘለለውን ሰው ስም አትጻፊ፤ ነገሩ ወደ ጠብ የሚለወጠው ስም የገባበት ጊዜ ነው። ከስብሰባ ስለመቅረትሽም በዚያው ጠይቂው፤ ፊት ለፊት ሲጠየቁ የሚያፍሩ አለቆች ብዙ ናቸው። መልስ የተባለው ቀን ካለፈ፣ ለሥራ አስኪያጁ ስታቀርቢ "ለአለቃዬ በዚህ ቀን አሳውቄ ነበር" የሚል ወረቀት በእጅሽ አለ።

ከአንቺ በፊት እንዲህ የተናገሩ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ደግሞ በጸጥታ አጣሪ። በቦታቸው ካሉ፣ ይልቁንም ካደጉ፣ የገጠመሽ የአንድ ሰው ኩርፊያ ነው፤ ያልፋል። ሁሉም ለቀው ከሆነ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን አዘጋጅተሽ ሌላ ቦታ ማየት ነውር የለበትም። ዕቃው ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ዓይነት ከሆነ ግን እስካሁን የመከርኩሽን ሁሉ ተዪው። ያን ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ማስቆም ወደሚችለው ሰው በቀጥታ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። አለቃዬ በየወሩ መጀመሪያ ስብሰባ ጠርተው ስለ ደኅንነትና ስለ ጥራት ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። በየቀኑ ጠዋት ሲደውሉልኝ ግን የሚጠይቁኝ "ትናንት ስንት ወጣ?" ብቻ ነው። እኔ ለቡድኔ የትኛውን ላስተላልፍ? ሁለት ምላስ ያበቀልኩ መሰለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቡድንዎ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። ደኅንነት በወር አንድ ጊዜ፣ ቁጥር በየቀኑ።

ፖል ኦኒል በ1987 አልኮአ የተባለውን የአሜሪካ የአሉሚኒየም ኩባንያ ለመምራት ሲረከብ ለባለሀብቶች የተናገረው ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ነበር። ንግግሩን እንተወው፤ ንግግር የእርስዎም አለቃ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ያለው ባወጣው ደንብ ላይ ነው፤ ሰው የተጎዳ እንደሆነ የዘርፉ ኃላፊ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእርሱ ማሳወቅና እንዳይደገም ምን እንደሚደረግ ማቅረብ አለበት። ይህ ደንብ በእርስዎ ደረጃ ላለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የዘርፉ ኃላፊ በ24 ሰዓት እንዲደርስ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በሰዓታት ውስጥ ማወቅ አለበት። እርሱ እንዲያውቅ የፈረቃ ኃላፊው ወዲያው መደወል አለበት። መፍትሔም ስለሚጠየቅ የፈረቃ ኃላፊው ማሽኑ አጠገብ የሚቆመውን ሠራተኛ "አንተ ምን ይመስልሃል?" ማለት ግዴታው ይሆናል። ኦኒል ያን ሠራተኛ በአካል አግኝቶት ላያውቅ ይችላል፤ ደኅንነት እንደሚቀድም ግን ሠራተኛው ከአለቃው ጥያቄ ይረዳዋል። በ100 ሠራተኞች 1.86 የነበረው ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት መጠን በ2000 ወደ 0.2 ገደማ ወረደ።

በዌልስ ፋርጎ ባንክ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ባንኩ ራዕይና እሴቶቹን የሚዘረዝር መጽሔት ለሠራተኞቹ ያድል ነበር። ቅርንጫፍ ላይ የሚጠየቀው ግን ለአንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት መሸጥ ነው፤ ያ ቁጥር ሠራተኛውን ቀን ከቀን ይከተለዋል። ሠራተኞች ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ መክፈት ጀመሩ። በሴፕቴምበር 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲወሰን፣ ከነገሩ ጋር በተያያዘ በተከታታይ ዓመታት ያሰናበታቸው ሠራተኞች 5,300 ገደማ መሆናቸው ታወቀ። አብዛኞቹ ከታች ያሉት ነበሩ። መጽሔቱን አንብቦ ቁጥሩን ያላሟላ ቢሰናበት፣ ቁጥሩን አሟልቶ መጽሔቱን የጣሰም ቢሰናበት፣ በሁለቱም በኩል የሚመታው ያው በመካከል ያለው ሰው ነው። የእርስዎ ጭንቀት ቦታውን ያወቀ ጭንቀት ነው።

አለቃዎን መለወጥ አይችሉም። ጠዋት ቡድኑን በመጀመሪያ የሚጠይቁትን ጥያቄ ግን የሚከለክልዎ የለም። ስንት እንደወጣ ከመዝገቡ ላይ ሊያነቡት ይችላሉ፤ እነርሱን የሚያስፈራ ነገር አይተው እንደሆነ ይጠይቋቸው። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አይመልስልዎትም። አንድ ቀን ግን አንዱ "የዚያ ማሽን መከላከያ ክዳን ላልቷል" ይልዎታል። ያን ዕለት ክዳኑን ማሠር አለብዎት፤ ነገ ወይም የጥገና ክፍል ሲመቸው ከሆነ ጥያቄውን ባይጀምሩት ይሻል ነበር። ቡድኑ የሚጠብቀው ክዳኑን ነው።

ለአለቃዎም ስልክ ሲመልሱ ቁጥሩን ይንገሯቸውና ሳይጠየቁ ይጨምሩ፤ የተጎዳ የለም፣ ይህን ያህል ዕቃ ለድጋሚ ፍተሻ መልሻለሁ። በየቀኑ ይበሉት። ከሰነበተ እርሳቸውም ይለምዱትና አንድ ጠዋት ቢረሱት ይጠይቁዎታል። ሁለት ምላስ ስላሉት ነገር ደግሞ፣ ለቡድንዎ "ከላይ የምጠየቀው ይህን ነው፤ እኔ የምጠይቃችሁ ይህን ነው" ቢሉ ክብርዎ አይቀንስም። እንዳላዩ መስሎ ማለፍ ነው የሚቀንሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምሠራበትን ድርጅት ያቋቋሙት አክስቴ ናቸው፤ በቅርቡ ሥራውን ለእኔ አስረክበው ሊያርፉ ነው። እሴት ተብሎ የተጻፈ ነገር ኖሮን አያውቅም። የቆዩት ሠራተኞች "እሳቸው ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር" ብለው ይሠራሉ። አዳዲሶቹ ግን እሳቸውን የሚያውቋቸው በሩቁ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ቁጭ ብለን እሴቶቻችንን እንጻፍ?

መልስ፦ ጻፉ፤ ግን በቅጽል አትጻፉ። "ታማኞች፣ ትጉሆች፣ ደንበኛ አክባሪዎች" ብላችሁ ከጻፋችሁ የማንኛውም ድርጅት ወረቀት ይሆናል፤ አክስትህም እዚያ ውስጥ አይገኙም።

ከእርሳቸው ጋር ተቀመጥና ውሳኔዎቻቸውን አስነግራቸው። በተለይ እምቢ ያሉባቸውን። የትኛውን ትልቅ ሥራ መለሱ? ለምን? ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ ማንን ከማሰናበት ተቆጠቡ፤ ያስ ምን አስከፈላቸው? የቱን ዘመድ አልቀጥርም አሉ? ይህ ጥያቄ አንተንም ሊነካ ይችላል፤ ቢሆንም ጠይቃቸው። እያንዳንዱን በአንድ ገጽ ጻፈው፤ ምን እንደተከሰተ፣ ምን አማራጭ እንደነበረ፣ ምን እንደመረጡና ምን እንዳጡበት። ከዚያ ያንኑ ታሪክ በወቅቱ ከነበሩ ሁለት አሮጌ ሠራተኞች ለየብቻ ስማ። የእርሳቸው ትረካና የሠራተኞቹ ትረካ የሚለያዩበትን ቦታ አታስታርቀው፤ ሁለቱንም ጻፈው። አለቃ ያስተላለፍኩ የሚመስለውና ሠራተኛ የተቀበለው ምን ያህል እንደሚራራቁ ለአንተ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይህ አይኖርም።

አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ አንተ ራስህ ወስን። በብዙ ቦታ አዲስ ሰው የሚሰጠው በዚያ ሳምንት ሥራ ለፈታ ሠራተኛ ነው፤ ሥራ የሚፈታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ሥራ የማይሰጠው ነው። የድርጅትህን ጠባይ ለአዲሱ ሰው የሚያስረዳው እርሱ ይሆናል ማለት ነው። ጎበዟ ሠራተኛ ጊዜ የላትም ይሉሃል። ጊዜ ስጣት።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ተዘጋጅበት። አክስትህ ከሄዱ በኋላ፣ እርሳቸው እምቢ ይሉት የነበረውን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም፤ አዲስ ሰው መምጣቱን ሰምቶ ነው የሚመጣው። የምትመልስለት መልስ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በድርጅቱ ሁሉ ይዳረሳል። የእርሳቸውን መንገድ ልትለውጥ ትችላለህ፤ ድርጅቱ አሁን በአንተ እጅ ነው። ከለወጥከው ግን ምክንያቱን በዚያው ቀን ራስህ ተናገር። ዝም ካልክ ምክንያቱን ሠራተኛው ይፈጥርልሃል፤ የሚፈጥረውም ገንዘብ ነው።

የሚያርፉበትን ቀን በደብዳቤህ አልጻፍክም። ሦስት ወር ካለህ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሃል። በሚቀጥለው ሳምንት ጀምር፤ የመጀመሪያውንም ቀን የመለሱትን ትልቅ ሥራ ጠይቃቸው።